ጥግ ጥጉን ቆፍሪልኝ

"ጥግ ጥጉን ቆፍረሽ አውጪልኝ፤ እንዳለፈው" አለች ባለሱቋ፣ ቀኝ እግሯን ከሳፋው አውጥታ ጥፍር ሠሪዋ ጭን ላይ እየጣለች።

ጥፍር ሠሪዋ በፎጣ ተቀበለቻት። የባለሱቋ አውራ ጣት አብጦ ያብረቀርቃል፤ ጥፍሩ በሁለቱም ጎን ሥጋው ውስጥ ገብቷል፣ በአንዱ በኩል መግል ይዟል። እሰይ፣ አለች ጥፍር ሠሪዋ በሆዷ።

ባለሱቋ በየሦስት ሳምንቱ እያነከሰች እዚህ የውበት ሳሎን ስትመላለስ ስድስት ወሯ ነው። ጥፍር ሠሪዋም በየሦስት ሳምንቱ የታዘዘችውን ታደርጋለች፤ የጥፍሩን ጥግ ወደ ውስጥ ገብታ ቆርጣ ታወጣለች። ለዕለቱ እፎይ ያሰኛል፤ ባለሱቋም "እጅሽ ይባረክ" ብላ ትሄዳለች። ጉዱ የሚመጣው በኋላ ነው። ጥጉ የተቆረጠ ጥፍር ሲያድግ ሥጋውን እየወጋ ያድጋል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ፣ ጥጉ ሳይነካ ነው የሚቆረጠው። ጥፍር ሠሪዋ ይህን ለሌላው ደንበኛ ሁሉ ሳትጠየቅ ትናገራለች። ለዚች ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ለምን ትበል? ከስምንት ዓመት በፊት የዚች ሴት ጫማ ቤት ሻጭ ነበረች። ሻጮቹ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆሙት የሱቁን ጫማ አድርገው ነው፤ ያውም ጫፉ ሹል የሆነውን። ጣቷ መገለ። ሰፊ ጫማ ላድርግ ብላ ብትለምን ሰሚ አጣች። ጥፍሯ ተነቅሎ ጣቷን በፋሻ ጠቅልላ የመጣች ቀን ደግሞ ባለሱቋ በደንበኞች ፊት "አሁን በዚች እግር ማን ጫማ ይገዛኛል?" ብላ አባረረቻት። ያን ቀን የቋጠረችው ቂም ይኸው እስካሁን አለ። ባለሱቋ ግን ስድስት ወር ሙሉ እግሯን ስትሰጣት አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ ፊቷን አላየችም፤ ዐይኗ ስልኳ ላይ ነው። ጥፍር ሠሪዋ በቀል ይህን ያህል እንደሚጥም አታውቅም ነበር። ያቺን ሴት ስታነክስ ባየች ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

ዛሬ ግን ባለሱቋ ብቻዋን አልመጣችም። ከሻጮቿ አንዷን አስከትላለች፤ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ይቺን ጨርሻትና ወደ ሱቅ ትመለስልኝ" አለች፣ እግሯን እየሰበሰበች። "ልክ እንደኔ አድርጊላት።"

ሻጯ ከጎን ካለው ወንበር እግሯን ዘረጋች። ጣቷ ገና መቅላቱ ነው። ጥፍር ሠሪዋ ያማል ወይ ብትላት ወደ አሠሪዋ ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ስተኛ አንሶላው ሲነካኝ ያመኛል" አለቻት።

ጥፍር ሠሪዋ ያንን አንሶላ ታውቀዋለች። መቁረጫዋን ይዛ ቀረች። እንደታዘዘችው ከቆረጠች ይቺ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ እያነከሰች ትመጣለች። በትክክል ከሠራች ደግሞ ባለሱቋ እዚሁ አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉን ትሰማለች፤ ያ ጣፋጭ በቀል አበቃለት፣ ምናልባትም እንጀራዋ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከልጅቷ ጣት ይልቅ ያሳዘናት የበቀሏ ማብቃት ነው። ቢሆንም ጥጉን አልነካችውም። ጥፍሩን ቀጥ አድርጋ ከረከመችው።

"አንቺም እንዲህ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፤ በጣም አታሳጥሪው" አለቻት። "ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ነክረሽ በደንብ አድርቂው። መግል ካመጣ ሐኪም ጋ ነው። ይሄን ሹል ጫማ ደግሞ ተዪው፤ ጣትሽ የሚንቀሳቀስበት ሰፊ ጫማ አድርጊ።"

ባለሱቋ ከስልኳ ቀና አለች። በእሷ ሱቅ ሰፊ ጫማ ብሎ ነገር እንደሌለ ልትናገር አፏን ከፈተችና ሌላ ነገር ትዝ አላት።

"ቆይ፣ የኔን ጥጉን ስትቆርጪ አይደል እንዴ የኖርሽው?"

"ቆፍሪ አሉኝ፣ ቆፈርኩ፣ እትዬ።"

"አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው።"

ባለሱቋ ያኔ ገና ፊቷን አየቻት። ስታስታውሳት ያስታውቃል፤ መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ፣ ከዚያ ፊቷ ደም መሰለ። የሳሎኑን ባለቤት ልትጠራ ብድግ ስትል ጣቷ የሳፋውን ጠርዝ መታ፤ ጥርሷን ነክሳ ተመልሳ ተቀመጠች። ተናግራበት በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ ምን ይሻለኛል አለች።

"የእርስዎ ከኔ እጅ አልፏል። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ። እስኪድን ድረስ ክፍት ጫማ ነው።"

"ሱቅ ውስጥ?"

"ሱቅ ውስጥ።"

ባለሱቋ እንዲህ ሆና መንገድ መውጣት እንደማትችል፣ ቢያንስ በፋሻ እንድትጠቀልልላት ለመነቻት፤ እግሯንም ዘረጋች።

ጥፍር ሠሪዋ ንጹሕ ፋሻ ከመሳቢያው አወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሻጯ ዞረች።

"ያኛውንም እግርሽን አምጪው።"

"እሱ እኮ ጤነኛ ነው" አለች ልጅቷ።

"ይሁን፣ አምጪው።"

የባለሱቋ እግር እንደተዘረጋ፣ ከትንሿ ጣት ጀመረች፤ ቀስ ብላ።