ከካሚዮኑ ሆድ በታች

ቁልፍ መጠምዘዝማ የመጨረሻው ነው፣ ሦስት ክረምት ዝናብ የመታው ካሚዮን በድንገት አይቀሰቀስም፣ መጀመሪያ በየሲሊንደሩ ዘይት ጠብ ይደረግለታል፣ ከዚያ ሞተሩ በእጅ ይዞራል፣ በቀስታ፣ ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር፣ እምቢ ካለ አለመታገል፣ ዘይቱ እስኪሰርግ መጠበቅ፣ ይህን ሁሉ ለሻምበሉ ማን ያስረዳው፣ ሻምበሉ ያለው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፣ ኑርሁሴን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ከዚህ ካልወጣ አሻጥር ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው፣ አለና ሰዓቱን አየ፣ በዚህ በሰማንያ አንድ ዓመተ ምህረት አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ በሐይቅ ከተማ የሚጠይቅ የለም።

ተነስቷል ግን። አልሐምዱሊላህ። ከንጋት ጀምሮ ታግሎት፣ ከታንከሩ ውሃና ዝገት የገባበትን ናፍጣ በባልዲ ቀድቶ፣ ከአየር ማጣሪያው የአይጥ ጎጆ ከነልጆቿ አውጥቶ፣ ባትሪ ከአውቶቡስ ተውሶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጥቁር ጭስ እያሳለ ተነሳለት፣ ወታደሮቹ አጨበጨቡ፣ እሱ አላጨበጨበም። በንጉሡ ጊዜ የመጣ የአሜሪካ ካሚዮን ነው፣ ያኔ ደሴ ሞተር ክፍል ወታደር ሳለ ሲያጥበውና ሲፈታው የኖረው ዓይነት፣ እሱን ከጋራዡ ወደ ጦር ሰፈሩ ጎትተው ያመጡትም ለዚህ ነው፣ የሩሲያዎቹ ኡራል ካሚዮኖች ግንባር ላይ ነደው አልቀዋል፣ ይህን አሮጌ ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም።

ሞተር ተነሳ ማለት መኪና ዳነ ማለት አይደለም፣ አስተማሪው የነበረው መቶ አለቃ ከበደ ፍሬን ሳያይ ሞተር ያስነሳ ተማሪን ጆሮውን ይዞ ከጋራዡ ያስወጣው ነበር፣ ስለዚህ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፎ በጀርባው ከሥሩ ይገባል፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ይሁን፣ ላስቲኩ ደርቋል፣ ይሁን፣ የፍሬኑን ቧንቧ ከፊት ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ብሎኑ የያዘው ቦታ ላይ ጥፍሩ ይሰምጣል።

ይሰምጣል። ብረት ላይ።

ዝገቱ በልቶ ወረቀት አድርጎታል፣ ቀስ ብለው ሲረግጡት ይይዛል፣ በኃይል ሲረግጡት ይፈነዳል፣ ከፈነዳ ደግሞ የሁሉም ጎማ ፍሬን ባንድ ጊዜ ነው የሚሄደው፣ የዚህ ካሚዮን የፍሬን ዘይት መስመሩ አንድ ነው። መንገዱ ደግሞ ከውጫሌ ወዲያ ወደ ውርጌሳ ቁልቁል ነው። ሾፌሩም ባዬ ነው።

ባዬ። የዛሬው አስር አለቃ፣ የሰባው አብዮት ጠባቂ፣ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ የኑርሁሴንን ታናሽ ወንድም ጠሃን ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ ብሎ ከቤቱ ያወጣው፣ ጠሃ ነጠላ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ወጣ፣ አስራ አንድ ዓመት፣ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ የጠሃ ሚስት ሐቢባ ለቅሶ አልተቀመጠች፣ መሞቱን ማን አየ ትላለች፣ ሌላ ወንድ ለጋብቻ ሲጠይቃት ባለቤቴ መንገድ ሄዷል ትላለች።

አዲስ ቧንቧ በዕቃ ሳጥኑ ውስጥ አለ። መኖሩን ማንም አያውቅም። አንድ ቃል አለመናገር ብቻ ነው፣ እጁ ከእሱ ቀድሞ ግራሶ ያነሳል፣ የተበላው ቦታ ላይ ይቀባል፣ በደንብ፣ አይታይም አሁን፣ ያ ረብ፣ ምን እየሠራ ነው፣ ምንም፣ ግራሶ ነው የቀባው፣ ግራሶ መቀባት ኃጢአት ሆኖ ያውቃል።

ሁለት ቡትስ ከጎማው አጠገብ ይቆማል። ጋሽ ኑርሁሴን፣ ፍሬኑስ፣ ይላል ባዬ፣ ድምፁ ትንሽ አርጅቷል፣ ይይዛል፣ ይለዋል ከሥር፣ ይይዛል አለ፣ አንደበቱ አልተደናቀፈም። ደግ፣ ይላል ባዬ፣ ከውርጌሳ ስመለስ ሃያ ቁስለኛ ነው የምጭነው፣ ከሦስት ቀን ጀምሮ ባዶ ወለል ላይ ነው ያሉት፣ ከነሱ ውስጥ የዚሁ አገር ልጆች አሉ፣ የአምባሰል፣ ከገበያ የታፈሱ።

ሃያ። ቢስሚላህ። እሱ ያሰበው ባዶ ካሚዮን ቁልቁል ሲሄድ ነው፣ ባዬ ብቻውን መሪ ጨብጦ፣ ግን ሲወርድ ችሎ ሲመለስ ቢፈነዳስ፣ ያ ሁሉ እግር የሌለው፣ ሆዱ የታሰረ፣ በዚህ በገደሉ መንገድ ላይ፣ የሚፈነዳበትን ቦታ እሱ አይመርጥለትም፣ ሃያ እናት፣ ሃያ ሐቢባ፣ ጆሮው ይግላል፣ የከበደ ጣት ያለበት ይመስል።

ባዬ፣ ይላል፣ ቧንቧው ተበልቷል፣ ይቀየራል።

አሁን ይይዛል ብለኸኝ፣ ይላል ባዬ፣ ቅድም አላየሁትም ነበር፣ ይላል ኑርሁሴን። ባዬ ይንበረከካል፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ሥር ያያል፣ ትኩሱን ግራሶ ያያል፣ በግራሶ የተለወሰውን የኑርሁሴንን ጣት ያያል፣ ሁሉንም ያያል፣ የሰባው ዓይን ነው፣ ያው ዓይን፣ አለቀ እንግዲህ፣ የሻምበሉ ድምፅ ከወዲያ ይመጣል፣ ምንድነው መዘግየቱ፣ ኑርሁሴን ዓይኑን ይጨፍንና እንደሚሞት ሰው በልቡ ሸሃዳ ይጀምራል። የዛገ ቧንቧ አግኝቶ እየቀየረልኝ ነው ጌታዬ፣ ይላል ባዬ፣ ሳያገኘው ሄጄ ቢሆን ገደል ገብቼ ነበር።

የሻምበሉ እርምጃ ይርቃል። ኑርሁሴን አሮጌውን ይፈታል፣ አዲሱን ያስገባል፣ የብሎኑን ክር በእጅ ማስያዝ፣ በቁልፍ ማጥበቅ ኋላ ነው፣ ከዚያ ከፍሬን መስመሩ አየሩ መውጣት አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ከላይ ፔዳል የሚረግጥ፣ አንዱ ከሥር ብሎን የሚከፍት፣ ባዬ ጋቢና ይወጣል። ርገጥ። ያዝ። ብሎኑን ላላ ያደርጋል፣ አረፋ ያለው ዘይት ይተፋል፣ ያጠብቃል። ልቀቅ። ርገጥ። ያዝ።

ፔዳሉን እንደያዘ ባዬ ከላይ ይናገራል፣ ቀስ ብሎ፣ መሪውን የሚያዋራው ይመስላል።

ጠሃ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ነው ያለው። ከድንጋይ ካቡ ሥር ያለው ወይራ፣ ከእሱ ሰባት እርምጃ ወደ ውሃው። የተኮሰው ሌላ ነው፣ ይህን የምለው ለመንጻት አይደለም፣ ከቤቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ፊቱ ወዴት መሆን እንዳለበት አላወቅሁም፣ የእናንተን ሥርዓት፣ ቸኩዬም ነበር።

ዘይቱ በኑርሁሴን ክንድ ላይ ይወርዳል፣ ብሎኑ እንደተከፈተ ነው፣ ማጥበቅ አለበት፣ ያጠብቃል። ልቀቅ፣ ይላል። ርገጥ። ያዝ። ዘይቱ አረፋ አቁሟል፣ ጥርት ብሎ ይወርዳል።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካሚዮኑ ይወጣል፣ ባዬ ከአስፋልቱ አፍ ላይ ሆነ ብሎ ፍሬኑን በኃይል ይረግጠዋል፣ ግዙፉ ብረት ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ወደ ውጫሌ ይነጉዳል፣ ኑርሁሴን አያይም፣ ከጋራዡ አካፋ አንስቶ በገበያው በኩል እያቋረጠ ነው፣ ለሐቢባ ምን ብሎ ይጀምር፣ ተቀመጪ ይበላት፣ ሞቷል ይበላት፣ ያንንማ ታውቃለች፣ አላመነችም እንጂ፣ መንደሩ ሳይሰማ እንሂድ፣ ቆፍረን፣ ፊቱን ወደ ቂብላ መልሰን፣ ዱዓ አድርገን።

ሐቢባ ደጇ ላይ ጤፍ እያበጠረች ነው። ሻርፕሽን ልበሺ፣ ይላታል፣ ጠሃ ያለበትን አግኝቻለሁ። ሰፌዱን በዝግታ ታስቀምጣለች፣ አካፋውን ታያለች።

ሩቅ ነው ወይ፣ ትለዋለች።

አይደለም። በእግር ሁለት ሰዓት ነው።