ብስባሽ ፍለጋ

ጓደኞቹ ሊቀመንበር ይሉታል። የሾመው የለም፤ የመጀመሪያ ቀን ጠመኔውን ቀድሞ ያነሳው እሱ ስለነበረ ነው። የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቡድን አንድ ሰፈር ገብተው፣ አካባቢን የሚጠቅም ሥራ በእጃቸው ሠርተው እንዲያሳዩ ሲታዘዙ፣ ቡድኑን እየመራ አክስቱ ወደምትኖርበት ፎቅ መጣ። ሥራው ካልተሳካ መመረቅ ቀርቶ ዓመቱን መድገም ነው።

ዕቅዱ በእሱ ዓይን እንከን አልነበረውም። መጀመሪያ ነዋሪው ምግብ እንዳያባክን ማስተማር፣ ቀጥሎ የወጥ ቤት ትራፊ ሰብስቦ በጓሮው ሣጥን ውስጥ ብስባሽ ማዘጋጀት። ሁለቱ ነገሮች ዓይንና ናጫ መሆናቸውን ያ ሁሉ መጽሐፍ ያገላበጠ ጭንቅላቱ አልነገረውም።

ማስተማሩንማ ተካነበት። ደረጃው ላይ ቆሞ ስለ ካሮት ቅጠል ሲናገር በገዛ ንግግሩ እንባ ተናነቀው። ክፋቱ፣ ሰዎቹ ሰሙት። የድንች ልጣጭ ታጥቦ ተጠበሰ፤ የጎመን አገዳ ሾርባ ውስጥ ገባ። ሣጥኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ታዲያ የሚጨመርበት ትራፊ ጠፋ። ባልዲውን ይዞ በር ለበር ሲዞር፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት በእሱ ምክር ምንም መጣል እንደተወች በኩራት ነገረችው። አመስግኗት ወርዶ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ራሱን ረገመ።

መምህሩ ለግምገማ የሚመጡበት ጊዜ ሲቃረብ ገበያ ሄዶ ትኩስ ጎመን ገዛ። ከሣጥኑ ጀርባ ተደብቆ ሲከትፍ አክስቱ በመስኮት አየችው። ምን እየሠራ እንደሆነ ስትጠይቀው ሁሉንም ዘረገፈላት፤ ለመዋሸት እንኳ አቅም አልነበረውም። ሳትስቅ ሰማችው። ብትስቅ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ባልዲው ሞልቶ ጠበቀው። ከዚያም በኋላ ሳይሞላ የዋለበት ቀን የለም። ከልጣጩ ጋር ግማሹ ድንች አብሮ ተልጧል፤ ቲማቲሙ ቢላ አልነካውም። ሊቀመንበር አየ፣ ገባው፣ እንዳልገባው ሆነ። ዲግሪው በዓይኑ ላይ ይዞር ነበር።

መምህሩ መጡ። እጃቸውን ወደ ክምሩ ሰደው ሙቀቱን ካዩ በኋላ፣ ነዋሪው እንዴት እንዲህ ሊተባበር እንደቻለ ጠየቁ። ሊቀመንበር ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ያፈረው በኋላ ነው። ማለፉን እዚያው ሲነግሩት ግን እግሩ መሬት አልነካም።

እሳቸው እንደሄዱ አክስቱና ልብስ ሰፊዋ ወረዱ። አክስቱ አቅፋ ሳመችው። ልብስ ሰፊዋ ሙሉ ሰሃን ድንች እንደያዘች ራቅ ብላ ቆመች።

"አለፍክ አይደል?" አለችው ቀስ ብላ።

"አዎ፣ በእናንተ።"

"እሰይ። እንግዲህ ይሄን ልጆቹ ቢበሉት ችግር የለውም?"