ወንበሩም ቃል አለው

ልብስ ሰፊው ከሥራ ሲገባ ቤቱ ወረቀት ለብሶ ጠበቀው። ሚስቱ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የክፍሉ ኃላፊ ለመሆን ልትፈተን ነውና ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል እየጻፈች፣ ትርጉሙን ከጀርባው አድርጋ፣ ጠባዩ ቃሉን በሚመስል ዕቃ ላይ ትለጥፋለች። ሬዲዮው «ሉኩዌሸስ» ተብሏል፤ ለፍላፊ ማለት ነው። እግሩ የላላው ወንበር «ፕሪኬሪየስ»፤ ዛሬ ነገ ወደቅሁ የሚል። ጃንጥላው «ኢምፐርቪየስ»፤ የማያስገባ።

«እኔስ?» አላት ጃኬቱን እያወለቀ። «ወንበሩ እንኳ ቃል ደርሶታል።»

«አንተ ደግሞ! ወረቀት ምን ያደርግልሃል? አንተን መቼ እረሳለሁ!»

ቀልዷን ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። ይባስ ብሎ ስልኳ ጮኸ። ምድር ቤት ያለው ፋርማሲስት ነው፤ ማታ ማታ በስልክ የሚያስጠናት፣ እንግሊዝኛውን ከመድኃኒት ካርቶን ላይ የለቀመ ሰውዬ።

«እህ፣ የኔ ጎበዝ! ተዘጋጀሽ?» አለ፣ ድምፁ ከስልኩ አልፎ እየተሰማ።

የኔ? የማን? ዕድሜ ልኩን መርፌ በከንፈሩ ይዞ ሲሰፋ ውጦ የማያውቀው ሰው፣ ያን ማታ ጉሮሮው ላይ አንዷ ተሰካችበት።

በማግሥቱ ሚስቱ እንደወጣች ወረቀቶቹን ላጣቸው። የሬዲዮውን ለጃንጥላው፣ የጃንጥላውን ለወንበሩ፣ የወንበሩን ለሬዲዮው። «ትርጉሙ ይዘባረቅባትና እስቲ ያኔ የኔ ጎበዝ ይበላት!» አለ፣ ለማቀዝቀዣው።

ማታ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተከፈተ።

«ሉኩዌሸስ?»

ሚስት ዐይኗን ጨፈነች። በሐሳቧ ሳሎኑን ዞረች። «ለፍላፊ!»

«ኢምፐርቪየስ?»

«የማያስገባ!»

ልብስ ሰፊው ያኔ ገባው። ለካ የምታጠናው ወረቀቱን ሳይሆን ዕቃውን ነው።

«ፖዘሲቭ?»

በሐሳቧ ሳሎኑን ደግማ ዞረች። ትናንት አንብባዋለች፤ የምትለጥፍበት ዕቃ ግን አጥታለት ነበር። ባል ደስታውን ሊያፍን ከንፈሩን ነከሰ። ዐይኗን ገለጠች። ጃንጥላው ለፍላፊ ሆኗል። ወንበሩን አየች፣ ሬዲዮውን አየች፤ በመጨረሻ ባሏን። እጅጌው ላይ የማጣበቂያ ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

«ከኔ በቀር ማንም አይንካት ባይ!» አለች ሳቋ እያመለጣት።

«አንበሳ! ይቺንስ የት ለጥፈሻት ነው?»

«አትለጠፍም። እሷው ናት ቤት ውስጥ እየዞረች ወረቀት የምታቀያይረው።»

ልብስ ሰፊው ቃል ደረሰው፤ ከወንበሩ እኩል ሆነ። ቂም እንኳ አልያዘም። የቆረቆረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሉን በስልክ የጠራው ያ ፋርማሲስት መሆኑ።