ዝም የሚል ላፕቶፕ

እንድሪስ ሦስተኛውን ላፕቶፕ ከመደርደሪያው አንስቶ ሆዱ ላይ ጆሮውን ለጠፈ። ደሴ ፒያሳ ላይ ደግሞ ባጃጁ፣ የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ፣ "ቦሩ ሜዳ፣ ቦሩ ሜዳ" የሚለው የሚኒባስ ረዳት፤ እንኳን የላፕቶፕ ማራገቢያ የሰው ጠብም አይሰማበት።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ጆሮዎን ምን አደከመው?" አለ ባለሱቁ ሂሻም ሳቁን እየዋጠ። "ይኼ አዲስ ነው። ፊልም ቢሉ ፊልም፣ ጌም ቢሉ ጌም።"

"ጌም ለምኔ? እኔ መንዙማ ላደምጥበት ነው። ዝም የሚል ስጠኝ።"

"ዝም የሚል?"

"አዎ። እሷ ስታወጣ ዝም የሚል።"

እሷ ያላት ሚስቱን ከሪማን ነው። ደርግ የወደቀ ዓመት፣ ኮምቦልቻ ጎረቤት ቤት በመውሊድ፣ ድቤ እየመታች፣ ሴቶቹ እየተቀበሏት ያወጣችው መንዙማ በካሴት ተቀድቶ ነበር። ኋላ የጉሮሮ ሕመም ድምፅዋን ሲያጎረንነው "በቃኝ" ብላ ድቤዋን ሰቀለች፤ ይኸው አሥር ዓመት አለፈ። ካሴቱ ሊበጠስ ሲል ልጃቸው ሰልዋ ፍላሽ ላይ ገለበጠችው። ትዳር ይዛ ስትሄድ የተወችላቸው አሮጌ ኮምፒውተር ግን አንዴ ከተነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። የከሪማ ድምፅ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። እንድሪስ ያን ድምፅ ናፍቆታል፣ እውነቱ ይኼው ነው። አንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ የሚስት ድምፅ ይናፍቃል ወይ? ይናፍቃል እንጂ።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት የሽመና ማሽን ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጆሮ ሥራ አይሠራም፤ የታመመ ማሽን የሚታወቀው በመዳፍ ነው። ይኼ ትዝ ሲለው በራሱ ሳቀ፤ ምን ነክቶት ነው ጆሮውን ሲያንከራትት የዋለው?

"ሁሉንም አስነሳና መንዙማ ክፈትባቸው" አለ።

"ሁሉንም?"

"ማሽን ጠባዩ የሚታወቀው ሲሞቅ ነው። እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።"

ሂሻም፣ አላህ ይስጠው፣ ታጋሽ ልጅ ነው፤ ስድስቱንም ደረደረለት። እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በየተራ ያሳርፍባቸው ጀመር። አዲሱ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ተርበተበተ።

"ይኼ ነጭናጫ ነው። የዚህም አተነፋፈሱ አላማረኝ።"

ጥግ ላይ ያለው፣ ክዳኑ የተቧጨረው ትንሹ ላፕቶፕ ላይ ሲደርስ መዳፉ ቆየ፤ ቆየ።

"እሱን ይተዉት ጋሼ፣ ወላሂ ቀርፋፋ ነው።"

"እኔስ ወዴት ልሮጥ ነው? ጠቅልልልኝ።"

ኮምቦልቻ ቤቱ ሲገባ ከሪማ ላፕቶፑን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"የተቧጨረ ተሸክመህ መጣህ? ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?"

"በእጄ ነው የመረጥኩት።"

"ጉድ ነው። እኔንስ በምንህ ነበር የመረጥኸኝ?"

"በጆሮዬ።"

ከሪማ "ወሬኛ" ብላ የምስሯን ሰፌድ ይዛ ጓዳ ገባች።

እንድሪስ ፍላሹን ሰካ። ላፕቶፑ እውነትም ቀርፋፋ ነው፤ ለመነሳት ሰው እስኪለምነው ይጠብቃል። ከተነሳ በኋላ ግን ትንፍሽ አላለም። የወጣቷ ከሪማ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በስንኝና በስንኝ መካከል አየር ስትስብ እንኳ ይሰማል። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አላፈረበትም።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ሌላ ድምፅ ሰማ። ጎርናና፣ ቀስ ያለ፣ ከጓዳ የሚመጣ። ከሪማ ምስሯን እየለቀመች፣ ያኔ ሴቶቹ ይቀበሉት በነበረው ቦታ ላይ እየገባች፣ የገዛ መንዙማዋን ትቀበል ነበር።

ተነስቶ ሊሄድ ከጀለና ተወው። ያውቃታል፤ "ማሻአላህ" ቢላት ወዲያውኑ ዝም ትላለች። ይልቅ ጣቱን ሰደደና የላፕቶፑን ድምፅ አንድ ደረጃ ቀነሰው። ጠበቀ። አልተቋረጠችም። ደግሞ አንድ ቀነሰ። እንዲህ እያለ፣ እያለ፣ ላፕቶፑ ጨርሶ ዝም አለ።

ከጓዳ መንዙማው ቀጠለ። ከሪማ መቀበሉን ትታ አሁን ራሷ ታወጣው ነበር።