ፍሬኑ ዝም ሲል

የመካኒኩ አማት፣ የሚስቱ አባት፣ ሞተር ሳይክላቸውን እየገፉ ቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ጋራዥ ሲደርሱ፣ መካኒኩ በጣቱ ጫፍ ግራሶ ጨለፍ አድርጎ የፍሬን ፒን እየቀባ ነበር።

«ያንን ጆሮ የሚበሳ የፍሬን ሲጥሲጥታ ጸጥ አሰኘሁት!» አሉት ፊታቸው በርቶ።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ የፍሬኑን ዲስክ ቢነካው ጣቱ ተንሸራተተ። ክው አለ።

«አባባ! ምን ቀቡት?»

«የሞተር ዘይት ነዋ! አንተስ እየቀባህ አይደል እንዴ?»

«እኔ የምቀባው ፒኑን ብቻ ነው፤ እሱንም ሙቀት በሚችል ግራሶ፣ ለአመል ያህል! ዲስኩንና እሱን ጨምቆ የሚያቆመውን ሸራ ዘይት ከነካቸው ፍሬን የሚባል ነገር የለም! ቁልቁለቱን እንዴት ወረዱት?»

«ቤንዚን አልቆብኝ እየገፋሁ ነው የመጣሁት።»

«ተመስገን!» አለ መካኒኩ፣ ትንፋሹ እየተመለሰ።

«ውለታህን የምረሳ እንዳይመስልህ ደግሞ» አሉ አማቱ ፈገግ ብለው። «ቅድም እናንተ ቤት ጎራ ብዬ ያንተንም ሞተር የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን ጥሩ አድርጌ ቀባሁልህ። ልጄ እንኳ ስታመሰግነኝ ነበር።»

የግራሶው ጣሳ ከመካኒኩ እጅ ወደቀ። ከቁልቁለቱ አናት ሚስቱ ምሳውን ይዛለት የምትመጣበት የእሱ ሞተር ድምፅ ተሰማ። መታጠፊያው ጋ ፍሬን መያዟን ሁልጊዜ የሚነግረው ሲጥሲጥታ ግን አልተሰማም።