የሟቹ ማብራሪያ

የኦዲት ሪፖርቱን ሦስተኛ ቅጂ ልትጠርዝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እያደላደለች ሳለ ነው ዓይኗ ገጽ አሥራ አራት ላይ ያረፈው። ከታች ሁለተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "የመጋዘኑ ኃላፊ በቆጠራው ዕለት በአካል ተገኝተው እንዳስረዱን፣ በስተኋላ የተከመረው አንድ መቶ አርባ ካርቶን የሴራሚክ ንጣፍ በመጪው ዓመት ተሽጦ ያልቃል።"

ተለማማጇ ቁጭ ካለችበት ተነሳች። ቆማ አነበበችው። ያው ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ በቆጠራው ዕለት በአካል አልተገኙም። ሊገኙም አይችሉም ነበር፤ ከሞቱ ሰባት ወር አልፏቸው ነበር። ይህን ደግሞ ከማንም አልሰማችም። ዕቃ ልትቆጥር የሄደች ቀን፣ ሰውየው ጥቁር ጥብጣብ በተደረገበትና የሞቱበት ቀን በተጻፈበት ፎቶግራፍ ውስጥ ሆነው ከመጋዘኑ በር በላይ ቁልቁል ሲያዩዋት ነው የዋሉት።

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ኦዲት ቢሮ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። እዚያ ቤት ባዶ ወረቀት ላይ የሚጽፍ የለም። የዓምናው ፋይል ይወጣል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ሌላው እንዳለ ይቀመጣል። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ስትላክ የመጀመሪያ ቀን የተማረችው ይህን ነው። ዓምና የሠራው ተለማማጅም ከካቻምናው ሳይገለብጥ አልቀረም። ያንን አንቀጽ ስትሠራ ደግሞ ዕድለኛ ነኝ ብላ ነበር፤ ቁጥሩን ልትቀይር ስትል የሚቀየር አጣች። ዓምናም መቶ አርባ፣ ዘንድሮም መቶ አርባ። አንድ ሥራ ቀነሰልኝ ብላ አልፋዋለች።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ለአራተኛ ጊዜ።

"ፈረሙልሽ?"

"ገና ነው እማዬ።"

"ዩኒቨርሲቲው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው አላልሽም? አሁን ስድስት ሰዓት ነው። ጃኬትሽን ጨርሼዋለሁ፤ ቁልፉ ብቻ ቀርቷል። ጥቁር ይሁን ቡናማ?"

"የፈለግሽውን አድርጊ።"

"የፈለግሽውን አድርጊ አትበይኝ። ሰኞ ቋሚ ሠራተኛ ሆነሽ የምትገቢበት ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬያለሁ።"

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንድን ነገር ከተናገረች እንደ ሰፋችው ነው የምትቆጥረው፤ መፍታት አትወድም። የቢሮው ባለቤት የልምምዱን ቅጽ ካልፈረሙ ግን ሰኞም የለም፣ ቋሚም የለም። ዓመቱ እንዳልነበረ ተቆጥሮ እንደገና ይጀመራል።

ስልኩን ዘግታ ገጹን ይዛ ወደ ሲኒየሯ ጠረጴዛ ሄደች። ግማሽ መንገድ ደርሳ ተመለሰች፤ ውሃ ጠጣች፤ ደግማ ሄደች። ሲኒየሯ እሷን እንድትቆጣጠር የተመደበች ሴት ናት። ምሳዋን በግራ እጇ እየበላች በቀኟ ትተይባለች።

"ገጽ አሥራ አራትን አይተሽዋል?"

"ሦስት ጊዜ።"

"የመጋዘኑ ኃላፊ ሞተዋል።"

"ነፍስ ይማር። መቼ?"

"ከቆጠራው ሰባት ወር በፊት።"

ትየባው ቆመ። "እና አስረዱን ነው የሚለው?"

"በአካል ተገኝተው ይላል።"

ሲኒየሯ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። "ስማቸው አለበት?"

"የለም። ኃላፊው ብቻ ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ምን ያስደነግጥሻል? ሰው እንጂ የሥራ መደብ አይሞትም። አሁን በቦታቸው ሌላ ሰው የለም?"

"አንዲት ሴት አለች። እሷን ግን አልጠየቅኋትም።"

"ደውለሽ ጠይቂያታ። ይሸጣል አይደል በያት፤ አዎ ትልሻለች፤ ቀኑን ትቀይሪያለሽ። የመጋዘኑ ባለቤት ስምንት ሰዓት ላይ ሪፖርቱን ሊወስድ ይመጣል፤ ከዚህ በቀጥታ ብድር ሊጠይቅበት ባንክ ነው የሚሄደው። ቶሎ በይ።"

ለመደወል ደረጃው ላይ ወጣች። ቆማ መደወል አልሆነላትም፤ አንድ ፎቅ ወረደች፣ መልሳ ወጣች። የመጋዘኗ ሴት በሦስተኛው ጥሪ አነሳች።

"ከኦዲት ቢሮ ነኝ፤ ለቆጠራ መጥቼ የነበርኩት።"

"መሰላሉ ላይ ስትንቀጠቀጪ የነበርሽው ነሽ?"

"አዎ፣ እሷው ነኝ። ከኋላ የተከመረው ንጣፍ ዘንድሮ ይሸጣል አይደል?"

ሴትየዋ ሳቀች። "ግድግዳው ሥር ያለውን ነው የምትይኝ? እሱ እኮ ስብርባሪ ነው እህቴ። ከመኪና ሲወርድ ነው የተንኮታኮተው፤ እኔ ሳልቀጠር በፊት። አንዱን ካርቶን ነቅነቅ ብታደርጊው ትሰሚው ነበር።"

"እኔ ካርቶኑን ነው የቆጠርኩት።"

"ካርቶኑስ ልክ ነው። ካርቶኑ አልተሰበረም።"

ተለማማጇ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሳች። "ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?"

"ማን ጠየቀን? የድሮው ኃላፊ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ይሸጣል ይሉ ነበር አሉ። ባለቤቱ እንዲህ በሉ ብሏቸው ይሁን ተስፋ አድርገው እኔ አላውቅም። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ከፈለግሽ በስሜ ጻፊው፤ ምን የምደብቀው አለኝ?"

ስትመለስ ሲኒየሯ ምሳዋን ጨርሳ ዕቃዋን እየከደነች ነበር።

"አዎ አለችሽ?"

"ስባሪ ነው አለችኝ። ሁሉም። በደህና ዕቃ ዋጋ ነው የያዝነው፤ አስልቼዋለሁ፤ ስባሪነቱ ከተጻፈ ከዓመቱ ትርፋቸው ግማሹን ይበላል።"

ሲኒየሯ ክዳኑን ጫን አድርጋ ያዘችው። ዙሪያዋን አየች። ድምፅዋ ሲወጣ ዝቅ ብሎ ነበር። "አልደወልሽም እንበል።"

"ደውያለሁ እኮ።"

"ለእኔ አልነገርሽኝም እንበል።"

"አሁን ነገርኩሽ እኮ።"

"ስሚኝ፤ ከገጹ ሥር የማን ፊርማ ነው ያለው? ሠራሁ ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ፣ አየሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንቺን ተለማማጅ ናት ብለው ስቀው ይተዉሻል። እኔን ግን ማንም ስቆ አይተወኝም። ሁለት ልጅ አለኝ።" ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። የልምምዱ ቅጽ ነው። "ይኸው ሞልቼልሻለሁ። ጥንቃቄ፣ አምስት ከአምስት። ጠይቆ የመረዳት ችሎታ፣ ጠዋት ሦስት ነበር የሰጠሁሽ፤ አሁን አምስት አድርጌዋለሁ። ከዚያ በላይ ቦታ የለውም።"

ሦስቱን የሪፖርት ቅጂዎች ከተለማማጇ ጠረጴዛ አንስታ ማኅደር ውስጥ ከተተች፤ ቅጹን ከላይ አድርጋ አስታቀፈቻት። "አለቃችን ጋሼ ፊርማ ከጀመሩ አያቆሙም። ሁሉንም በአንዴ አስፈርሚያቸው። ሂጂ።"

ተለማማጇ ግን በቀጥታ አልሄደችም። መታጠቢያ ቤት ገባች፤ እጇን ታጠበች፤ ሳይደርቅ ደግማ ታጠበች። ሲኒየሯ ክፉ ሰው አይደለችም። ተለማማጇ አንድ ቀን ታማ የቀረች ጊዜ ሥራዋን የሠራችላት እሷ ናት። ይህን ማሰቡ ምንም አልጠቀማትም። ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ አዲስ ገጽ ከፈተች። ባዶ ገጽ ሲያዩት ይሰፋል። ለመጀመር አሥር ደቂቃ ፈጀባት፤ ስትጽፈው ግን ሦስት መስመር ብቻ ሆነ። አዲሷ የመጋዘን ኃላፊ ዛሬ በስልክ የተናገረችው፤ ስሟ፤ ሰዓቱ። ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለው ማብራሪያ ከዓምናው ፋይል የተገለበጠ ነው። የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

አትማው ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው፤ ግን ከሁሉም ሥር። እዚያ ከሆነ ሊታይም ላይታይም ይችላል። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እናቷ ጥቁሩን ቁልፍ መርጣለች፤ ፎቶ አንስታ ልካለች።

የቢሮው ባለቤት ብዕራቸውን ከፍተው ነው የጠበቋት።

"ነይ፣ ግቢ። ዓመቱ አለቀ? ፕሪንተራችንን ካበላሸሽው ገና ወር አልሞላም እኮ።"

"ያበላሸው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው ጋሼ።"

"ይሁን፣ ያው ናችሁ። ሪፖርቱን የሚወስደው ሰውዬ መጣ?"

"እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጠዋል።"

"እንግዲያው ቶሎ ቶሎ እንበል።" ማኅደሩን ገልጠው ከላይ ያለውን ቅጽ አዩት፤ አላነበቡትም። "ይቺ ያንቺ ናት? ካንቺ እንጀምራ። የሰው ልጅ በወረቀት አይጉላላም።"

የብዕሩ ጫፍ ወደ መስመሩ ወረደ። ተለማማጇ አንድ እግሯ ላይ ቆማ ሌላውን ታወዛውዛለች። ቅጹ ከተፈረመ በኋላም መናገር ይቻላል። አስተዋይ ሰው የሚያደርገው እንዲያውም እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ፊርማውን ይቀበላል፣ ከዚያ እግረ መንገዱን የሚመስል ወሬ ያነሳል። ማንም አይወቅሳትም። ጋሼ ግን ምን ላይ እንደሚፈርሙ አያዩም። ጥንቃቄ፣ አምስት ከአምስት።

"ጋሼ፣ እሷ ትቆይ።"

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። "ምነው? ስህተት አለባት?"

"መጀመሪያ የሚያነቡት ነገር አለ። ካነበቡ በኋላ ይቺን መፈረም ከፈለጉ ይፈርሙ።"

"ሰውየው እየጠበቀ ነው እኮ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

ቅጹን ከብዕሩ ሥር ስባ አወጣችው። ከክምሩ ታች ሦስቱን መስመሮች ጎትታ ከላይ አደረገች፤ ቅጹን ደግሞ እነሱ በነበሩበት ከተተችው።