አምስት ዲግሪ

ከለንደን ባርቤዶስ የሚበረው ከድምፅ ፈጣኑ አውሮፕላን ነዳጁ አፍ እስከ ገደፉ ተሞልቶ እንኳ መንገዱን የሚጨርሰው ለጥቂት ነው። ሰማዩ ትንበያው እንዳለው ከቀዘቀዘ ሳያርፍ ይደርሳል። ከሞቀ ግን ሞተሮቹ ጉልበት ያንሳቸዋል፤ አውሮፕላኑ እንደ ልቡ ከፍ ማለት ያቅተዋል፤ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ያኔ መንገድ ቀይሮ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት አዞረስ ደሴቶች ወርዶ መቅዳት ነው።

የበረራ መሐንዲሱ ኤቨርተን አሌን ያን ቅዳሜ ሲነሳ እህቱ ማርቫ ከባርቤዶስ ደውላ፣ «አባባ ረፋዱን የሚሻገሩ አይመስለኝም። ቶሎ ድረስ» ብላዋለች። ሽማግሌው ቅዳሜ ቅዳሜ አውሮፕላኑ ወደ ደሴቲቱ ሲቃረብ የሚያሰማው ነጎድጓድ መስኮታቸውን ሲያንቀጠቅጠው፣ «ልጄ መጣ!» ብለው ኮፍያቸውን ያደርጉ ነበር።

አትላንቲክ መሐል ላይ ከዜሮ በታች ሃምሳ ሰባት ዲግሪ ይሆናል የተባለው የውጭ አየር ሃምሳ ሁለት ላይ ቆመ።

«ሰማዩ ዛሬ ትኩሳት ይዞታል» አለ ካፒቴን ፊንች።

«አስፕሪን አልያዝኩም» አለ ኤቨርተን። አልሳቀም። ከመጠባበቂያው ነዳጅ ስምንት መቶ ኪሎ ጎድሏል።

ወደ አዞረስ መታጠፊያው ሲደርስ ካፒቴኑ አንዴ ይጠይቃል፤ መሐንዲሱ በአንድ ቃል ይመልሳል፤ ክርክር የለም። ደንባቸው ነው። የነዳጁ መለኪያዎች ያሉት ከካፒቴኑ ጀርባ፣ ኤቨርተን ፊት ነው።

«እንደገና አስላው፤ አልቸኩልም» አለ ፊንች። የአባትየውን ነገር ያውቃል።

«ሦስቴ አስልቼዋለሁ።»

«ይበቃል?»

ይበቃል ቢል ማንም ዞሮ አያይበትም። ምናልባትም ይበቃ ይሆናል። ግን እዚያ ሲደርሱ ማረፊያው ቢዘጋ፣ ከኋላው ያሉት መቶ ሰዎች ሌላ መድረሻ የላቸውም።

«አይበቃም።»

ፊንች ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጉልበቱን ያዝ አደረገው። ከዚያ አውሮፕላኑን አጠፈው።

ማርቫ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። የአባታቸውን ኮፍያ ይዛለች።

«ሦስት ሰዓት ላይ ኮፍያዬን አምጪ አሉኝ» አለች። «አድርገው መስኮት መስኮቱን አዩ። ‹ምነው ዘገየ?› አሉኝ። እኔ የአንተን ሥራ ምን አውቄ ልንገራቸው! ድምፁ የመጣው ዓይናቸውን ከከደንኩ በኋላ ነው።»

«ሰማዩ ሞቆ ነው፣ ማርቫ።»

«ስንት ቢሞቅ ነው?»

«አምስት ዲግሪ።»

«አምስት?»

ኮፍያውን እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ቀድማው ወደ መኪናው ሄደች።